ከፍሪጅ አናት ላይ ያረጀው ጠርሙስ

ጋርላንድም ሆነ ሪቻርድሰን፣ ፕላኖም ሆነ አርሊንግተን፣ የሐበሻ ቤት ስትገቡ ከፍሪጁ አናት ላይ አንድ የቀይ ወይን ጠርሙስ አይጠፋም። አንዳንዱ ቤት ሁለት ሦስትም አለ። አቧራ ለብሷል፤ ስጦታ ሆኖ ሲመጣ አንገቱ ላይ የታሰረለት ሪባን እስካሁን አልተፈታም። ማን እንዳመጣው ግን ባለቤቶቹ አይረሱትም። አንዱ ለቤት ምርቃት፣ አንዱ ለክርስትና፣ አንዱ ዜግነት የተወሰደ ዕለት የመጣ ነው። «ለምን አትከፍቱትም?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ያው ነው፤ «ኧረ ይቆይ! ወይን እኮ ሲቆይ ነው የሚጣፍጠው።»

እኔ የምከራከረው ከዚህች አባባል ጋር ነው። ውሸት ናት አልልም፤ ግማሽ እውነት ናት። ግማሽ እውነት ደግሞ ጠርሙስ ሲያበላሽ በዓይኔ አይቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሱፐርማርኬት መደርደሪያ የምናነሳው ወይን አብዛኛው እንዲቆይ ተብሎ አልተሠራም። በአንድ፣ ቢበዛ በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ እንዲጠጣ ነው የተሠራው። ለመቆየት አቅም ያለው ቀይ ወይን ጥቂት ነው፤ አቅሙን የሚሰጡት ደግሞ በዋናነት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ኮምጣጣነቱ ነው። ሌላው ታኒን የሚባለው፣ ከወይኑ ፍሬ ቆዳና ዘር እንዲሁም ከኦክ በርሜሉ የሚወጣው ድድ የሚያደርቅ ነገር ነው። ከስኳሩ በፊት በጣም የፈላ ሻይ ፉት ስትሉ ምላሳችሁን ጭምድድ የሚያደርጋችሁ እሱ ነው። ወይኑ ጠርሙስ ውስጥ ሲተኛ ታኒኑ እርስ በርሱና ከቀለሙ ጋር እየተያያዘ ይከብድና ወደ ታች ይዘቅጣል። በዚህ ጊዜ ቀለሙ ከሐምራዊነት ወደ ጡብ፣ ከጡብም ወደ ቡናማ ይሄዳል። የትኩስ ፍሬው ሽታ እየራቀ የደረቀ በለስ፣ የቆዳ፣ የእንጉዳይና የትምባሆ ቅጠል ሽታ ይመጣል። ታኒንና ኮምጣጤነት የሌለው ወይን ግን ቢቆይ ያው ይደክማል እንጂ አይበስልም። አሥር ዓመት ብታቆዩት አሥር ዓመት የሞላው ደካማ ወይን ነው የምታገኙት።

ከታች ስለሚዘቅጠው ነገር አንድ ነገር ላንሳ። አንድ ቤት ውስጥ የ15 ዓመት ወይን ተከፍቶ፣ ከሥሩ ጥቁር ዝቃጭ ሲታይ ባለቤቱ አፍሮ ሊደፋው ሲነሳ አይቻለሁ። ጠላ በወጣበት አገር አድገን አተላ ሊያስደነግጠን አይገባም ነበር! የቆየ ወይን አተላ ካለው ብዙውን ጊዜ ጤንነቱን ነው የሚያሳየው። የሚፈለገው ጠርሙሱን ከአንድ ቀን በፊት ቀጥ አድርጎ ማቆም፣ ሲቀዳ ቀስ ብሎ ማዘንበል፣ አተላው አንገቱ ጋ ሲደርስ መተው ነው። ድሮ ፈረንጆቹ ከአንገቱ ሥር ሻማ ያበሩ ነበር፤ እኛ የስልክ ባትሪ እናበራለን፣ ያው ነው።

ወደ ዳላስ ልመለስ፤ ዋናው ጠላታችን እዚህ ነውና። ወይን እንዲበስል የሚፈልገው ወደ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ፣ የማይዋዥቅ ቅዝቃዜ፣ ጨለማና ጸጥታ ነው። ሰሜንና ምሥራቅ ያሉ ወገኖቻችን ምድር ቤት አላቸው። እዚህ ግን አፈሩ ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጣጠቅ ሸክላ ስለሆነ ምድር ቤት ያለው ቤት ማግኘት ብርቅ ነው። ስለዚህ ጠርሙሱ ወይ ጋራዥ ይገባል ወይ ፍሪጅ ላይ ይወጣል። ጋራዡ በሐምሌ ምድጃ ነው። የክረምቱ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው፤ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2021 መብራት ጠፍቶ በብርድ ልብስ ተጠቅልለን የተቀመጥን ጊዜ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ የተመዘገበው ከዜሮ በታች 19 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበር። በዚያ ብርድ ጋራዥ ውስጥ የቀረ ወይን በርዶ ቡሹን ወደ ላይ ሊገፋው ይችላል። የፍሪጁ አናትስ? ማሽኑ ቀን ከሌት ሙቀት ይተፋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ የኩሽናው መብራትም ከላዩ ነው። ወይን ለመግደል ብላችሁ ቦታ ብትመርጡ ከዚያ የተሻለ አታገኙም።

ገንዘብ ያለው የወይን ፍሪጅ ይግዛ። የሌለው ከውጭ ግድግዳ የራቀ፣ መሐል ቤት ያለ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከታች፣ ጠርሙሱን አጋድሞ ያስቀምጥ። የሚጋደመው ቡሹ እንዳይደርቅ ነው። እንደዚያም ሆኖ ቤታችን በጋ ላይ 24 ዲግሪ ነውና አሥርና ሃያ ዓመት አይታሰብ፤ ሁለት ሦስት ዓመት ይበቃዋል። ከዚያ በላይ የቆየ ወይን መቅመስ የፈለገ ሌላ ሰው በደንብ ያቆየውን ቢገዛ ይሻለዋል። ለዚህ ደግሞ የስፔኑ ሪዮሃ ባለውለታችን ነው። «ግራን ሬዘርቫ» የሚል የተጻፈበት ቀይ ሪዮሃ በሕጉ መሠረት ቢያንስ 5 ዓመት ሳይሞላው ገበያ አይወጣም፤ ከዚያም ውስጥ ቢያንስ 2 ዓመቱን በኦክ በርሜል ያሳልፋል። የቦርዶ ስም ሳትከፍሉ፣ ከ50 ዶላር በታች፣ ሌላ ሰው ያስታመመላችሁን እርጅና ታገኛላችሁ።

እኛ ስድስት ሆነን በየሁለት ወሩ አንድ ሰው ቤት እንቀምሳለን። ማኅበር ነው ለማለት ይከብዳል፤ ጽዋ አለው እንጂ ጸበል ጸዲቅ የለውም። አንድ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ አሉ፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። አንድ ዶክትሬቱን የሚሠራ ልጅ አለ። ሁለት ባንክ ቤት የሚሠሩ ባልና ሚስት፣ ሌሊት የምትሠራ ነርስ፣ እኔ። መጀመሪያ ላይ ያስቸገረን ወይኑ አልነበረም፤ ይሉኝታችን ነበር። ባለቤቱ 120 ዶላር ከፍሎ ያመጣውን ጠርሙስ ፊቱን እያዩ «አልጣመኝም» የሚል ሐበሻ የት ይገኛል? ሁላችንም ብርጭቆውን እያዞርን «ግሩም ነው! እግዜር ይስጥልን!» እንላለን። ታዲያ ምን ቀመስን? የባለቤቱን ልብ ነዋ።

መፍትሔው ቀላል ሆነ። ጠርሙሶቹን በፎይል ጠቅልለን ቁጥር ሰጠናቸው። ማን የቱን እንዳመጣ፣ ስንት እንደከፈለ አይታወቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤቱ ወሬ ተቀየረ። ጋሼ ብርጭቆ ቁጥር 3ን አሽትተው፣ «ይሄ አያቴ ጭኮ የምትይዝበት አገልግል ነው የሚሸተኝ» አሉ፤ የ2001 ሪዮሃ ነበር። በጣም ውድ የነበረውን የናፓ ካቤርኔ ደግሞ «ገና ጎረምሳ ነው፣ ይሄ ይታሰር» ብለው አሳቁን። ተሸፍኖ ባይሆን ኖሮ ይህን አይሉም ነበር፤ ያመጣው የእኛ ቤት ባለቤት ነበርና።

ተሸፍኖ መቅመስ የኛ ፈጠራ አይደለም፣ ታላላቆቹንም አዋርዷል። እ.ኤ.አ. ሜይ 24 ቀን 1976 ፓሪስ ውስጥ ስቲቨን ስፐሪየር የተባለ እንግሊዛዊ ነጋዴ የፈረንሳይ ቀማሾችን ሰብስቦ የቦርዶንና የካሊፎርኒያን ቀይ ወይኖች ሸፍኖ አቀመሳቸው። አንደኛ የወጣው የካሊፎርኒያው የስታግስ ሊፕ 1973 ሆነ። ፈረንሳዮቹ ወዲያው ያነሱት መከራከሪያ የሚገርም ነው፤ «የአሜሪካኑ አሁን በወጣትነቱ ይጣፍጣል እንጂ አይቆይም፣ የኛን ከሠላሳ ዓመት በኋላ እዩት» ዓይነት ነበር። እሺ ተባለ። በ2006፣ ልክ በ30 ዓመቱ፣ እነዚያው ወይኖች ለንደንና ናፓ ላይ በአንድ ቀን ተቀመሱ። አንደኛ የወጣው የሪጅ ሞንቴ ቤሎ 1971 ነበር፤ ከአንደኛ እስከ አምስተኛም ካሊፎርኒያ ያዘው። «ሲቆይ እናያለን» ብሎ የተከራከረ ሰው አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ቆይቶ ያያል።

ዓይን ደግሞ ከመለያው በላይ ይዋሻል። በ2001 የታተመ አንድ የቦርዶ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ላይ 54 ተማሪዎች ሽታ በሌለው ቀለም ቀይ የተደረገ ነጭ ወይን ተሰጣቸው፤ ሽታውን ሲገልጹ የተጠቀሙት የቀይ ወይን ቃላት ነበር። የወይን ትምህርት የሚማሩ ልጆች ናቸው እንግዲህ። መለያ ማምለክ ከዚህም አልፎ ገንዘብ ያስበላል። ሩዲ ኩርኒያዋን የተባለው ሰው ካሊፎርኒያ ቤቱ ውስጥ ወይን እየቀላቀለ፣ የጥንት መለያ እየለጠፈ ለሀብታሞች ሲሸጥ ኖሮ በ2014 የ10 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ከተያዘባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ የቡርጎኝ አምራች የሆነው ሎራን ፖንሶ የራሱ ቤት በ1980ዎቹ ብቻ መጭመቅ የጀመረውን ወይን የ1945 ተብሎ ለጨረታ ቀርቦ ማየቱ ነው። የገዙትና የጠጡት ሰዎች ስንት ጊዜ «ግሩም!» ብለው ይሆን?

ስለ ቃላት ጥቂት ልበል፤ የተማሪው ልጅ ጥያቄ ነውና። «ብላክ ከረንት ይሸታል ይላሉ፣ እኔ ብላክ ከረንት አይቼ አላውቅም፣ ታዲያ አልቀምስም ማለት ነው?» አለን አንድ ቀን። እውነቱን ነው። መጻሕፍቱ የሚደረድሩት የሌላ ሰው ልጅነት ነው። አጋም የለቀመ ሰው ብላክ ከረንት አያስፈልገውም፤ ያ ጥቁር፣ ጎምዘዝ ያለ ጣዕም አፉ ውስጥ አለ። ለጥድ እንጨት፣ ለቅርንፉድ፣ ለዘቢብ፣ ለብራና፣ ከበጋ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲመታው ለሚሸተው አፈር፣ ለአዲስ ቆዳ ቃል አለን። እንዲያውም አማርኛ «ቃና» የሚል አንድ ቃል አለው፤ ጣዕሙንም ጠረኑንም አንድ ላይ የሚይዝ። ቡናውስ? ይርጋ ጨፌን ከሐረር በሽታ የሚለዩ የቡና ቅምሻ ባለሙያዎች ያሉባት አገር ልጆች ነን። ማንኪያው ያው፣ መሳቡ ያው፣ መትፋቱም ያው ነው።

መትፋቱ! እዚህ ላይ ባልና ሚስቱ አመፁ። «ሰው ቤት ተጋብዞ መትፋት ምን ዓይነት ነውር ነው?» አሉ። አስተናጋጁ ከብርሌው መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀምሶ የሚያቀርብበት ባህል ውስጥ፣ እንግዳ የቀመሰውን ቢተፋ ምን እንደሚመስል ይገባኛል። ነገር ግን ሂሳቡን ብቻ ላሳያችሁ። 4 ጠርሙስ ባለ 750 ሚሊ ሊትር 3 ሊትር ነው፤ ለስድስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ግማሽ ሊትር። በአሜሪካ መለኪያ አንድ ብርጭቆ ወይን 148 ሚሊ ሊትር አካባቢ ስለሆነ ይህ ከሦስት ብርጭቆ በላይ ነው። ከየጠርሙሱ 60 ሚሊ ሊትር ብቻ ብትቀዱ ግን አራቱን ጠርሙስ ቀምሳችሁ 240 ሚሊ ሊትር ነው፣ አንድ ብርጭቆ ተኩል ማለት ይቻላል። ብትተፉት ደግሞ ከዚያም በታች።

ይህን የምለው ለቁጠባ አይደለም። ዲኤፍደብሊው ማለት ከፍሪስኮ አርሊንግተን አርባ ማይል የሚነዳበት አገር ነው። የቴክሳስ ሕግ 0.08 ላይ መስመር አስምሯል፤ ግን ከዚያ በታችም ሆናችሁ ፖሊሱ «መደበኛ ችሎታውን አጥቷል» ካለ መያዛችሁ አይቀርም። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥፋት ከ72 ሰዓት እስከ 180 ቀን እስርና እስከ 2,000 ዶላር ቅጣት አለው። ያ ደግሞ ለተወላጁ ነው የሚያበቃው። ለእኛ ሰው የነርስነት ፈቃዱ ይጠየቅበታል፣ የተማሪ ቪዛው ሊሰረዝበት ይችላል፣ የዜግነት ማመልከቻው ላይ ይጻፋል። አንድ የሠርግ ማታ አሥር ዓመት የተለፋበትን ነገር ሲያናጋ ያላየ ማኅበረሰብ የለም። እኛ ቤት ደንቡ አንድ ነው፤ የሚነዳ ይተፋል፣ የማይተፋ ወይ ኡበር ይጠራል ወይ ሶፋው ላይ ያድራል። ስኒ ላይ መትፋት ያሳፍራል ያለ እጅ በካቴና ታስሮ ከመንገድ ዳር መቆምን ያስብ።

የማይጠጣ ሰው ደግሞ ከቅምሻ ይቀራል ያለው ማነው? ነርሷ ጓደኛችን በእምነቷ ምክንያት አፏ ላይ አታደርገውም። ምግብ ልትረዳን፣ ልትጫወት ነው የምትመጣው። አንድ ቀን ከአራቱ ብርጭቆ አንዱን አንስታ አሸተተችና «ይሄ ዝናብ የገባበት ካርቶን ነው የሚሸተው» አለች። ሌሎቻችን «የእርጅና ቃና ነው» እያልን ስንራቀቅበት ነበር! ቡሹ የበከለው ነበር፤ ቲሲኤ የሚባለው ኬሚካል ነው፣ ጤና አይጎዳም ግን የወይኑን ሽታ ሁሉ ቀብሮ እርጥብ ካርቶን ብቻ ያስቀራል። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የምታሸትተው እሷ ናት። ቅምሻ ከአፍ ይልቅ በአፍንጫ መሆኑን ከእሷ በላይ ያስረዳን መጽሐፍ አላገኘሁም።

የቤታችን ሽታ ራሱ ግን ችግር ነው። ዕጣን እየጨሰ፣ ቡና እየተቆላ የ20 ዓመት ወይን አይሸተትም፤ ሁለቱ ግሩም ነገሮች ናቸው፣ አንድ ክፍል ውስጥ ግን አይስማሙም። ቡናው ከቅምሻው በኋላ ይሁን። ዶሮ ወጡም እንደዚያው። በርበሬ የወይኑን አልኮል ያነደዋል፣ ታኒኑን ያመርረዋል፤ ወጣትና ፍሬ የሚበዛበት ወይን ይችለው ይሆናል፣ አርጅቶ ድምፁ የቀጠነው ግን ከቀይ ወጥ አጠገብ ይጠፋል። እኛ ከቅምሻው ጋር ዳቦ፣ ቅመም የሌለው አይብና ሚጥሚጣ ያልነካው ለብ ለብ ክትፎ እናቀርባለን። ቅዳሜን የመረጥነውም ለዚህ ነው፤ አርብ ያደረግነው ጊዜ ግማሹ ጾመኛ ስለነበር አይቡ ተርፎ ቀረ።

ሌላው ብዙ ሰው የሚስተው ሙቀቱ ነው። «ቀይ ወይን በክፍሉ ሙቀት ይጠጣል» የሚለው ምክር የመጣው ድንጋይ ቤታቸው 17 ዲግሪ ከሆነ አውሮፓውያን ነው። ዳላስ የክፍሉ ሙቀት 24 ነው፤ ወይኑ ሾርባ ይሆናል። ሃያ ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ክተቱት። ቡሹ ያረጀ ከሆነ ጠመዝማዛው መክፈቻ ይፈረፍረዋል፤ በሁለት ቀጭን ምላስ ቡሹን ከጎንና ከጎኑ የሚይዝ መክፈቻ አለ፣ ከ15 ዶላር አይበልጥም። ከተከፈተ በኋላ ጎረምሳውን ወይን ሰፊ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ገልብጣችሁ አንድ ሰዓት አስተንፍሱት። አዛውንቱን ግን አታንገላቱት፤ አንዳንዱ ከተከፈተ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያለውን ተናግሮ ጸጥ ይላል።

ነጥብ መስጠቱን ሞክረነው ትተነዋል። በሃያ የሚለካ አለ፣ በመቶ የሚለካ አለ፤ ባልና ሚስቱ በ87 እና በ88 መሐል ሲጨቃጨቁ ራት ቀዘቀዘ። አሁን ለእያንዳንዱ ጠርሙስ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ገና ነው፣ ደርሷል ወይስ አልፎበታል? ከዚያ ምክንያቱን መናገር ግዴታ ነው። ምክንያት ሲጠየቅ ይሉኝታም መራቀቅም ይቀንሳል።

ስለ ዓመቱ ካነሳን፣ አንድ የሚያዝናና ሂሳብ አለ። ጠርሙስ ላይ የሚጻፈው ዓመት ወይኑ የተለቀመበት ነው። በሰሜኑ የዓለም ክፍል ለቀማው በአብዛኛው ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ላይ ስለሆነ ከእኛ መስከረም ጋር ይገጥማል። ስለዚህ 7 ቀንሱ። 2007 የሚል ቦርዶ የተለቀመው እኛ ሚሊኒየሙን ባከበርንበት በመስከረም 2000 ዓ.ም. ሰሞን ነው። የ2005ቱ በመስከረም 1998፣ ከምርጫ 97 ጥቂት ወራት በኋላ። ደቡብ አፍሪካ፣ ቺሌና አርጀንቲና የሚለቅሙት ግን ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ስለሆነ 8 ነው የሚቀነሰው። ጋሼ ይህን ካወቁ ወዲህ ጠርሙስ ሁሉ ሲከፈት «ያኔ የት ነበርክ?» ማለት ጀምረዋል። ጥያቄው ከወይኑ በላይ ያስወራል። አንዱ ናይሮቢ ወረቀት ሲጠብቅ ነበር፣ አንዷ ስምንተኛ ክፍል ነበረች፣ ጋሼ ደግሞ ፓርኪንግ ሎት ውስጥ የሌሊት ፈረቃ።

ከመሐላችን አንዱ፣ ማን እንደሆነ ልተወውና፣ በ2012 የመጀመሪያ ልጁ ሲወለድ አንድ የኢጣሊያ ባሮሎ ገዝቶ ነበር። ባሮሎ ለመቆየት ከተሠሩት አንዱ ነው፤ ምርጫው ትክክል ነበር። «አባቴ መጥቶ ልጁን ሲያይ እንከፍተዋለን» አለ። አባትየው ሁለት ጊዜ ኤምባሲ ቀርበው ሁለት ጊዜ ተከለከሉ። ከዚያ ኮቪድ መጣ። ከዚያ መርዶ መጣ። ጠርሙሱ በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ከአፓርታማ ወደ ቤት፣ ከፍሪጅ አናት ወደ ጋራዥ፣ ከጋራዥ እንደገና ወደ ፍሪጅ አናት ሲዞር ኖሯል። ባለፈው ዓመት አመጣውና ከሌሎቹ ጋር ሳይሸፈን አቆመው። ስንከፍተው ቀለሙ የሻይ ነው፣ ሽታው ኮምጣጤና የተቃጠለ ስኳር። ማንም «ግሩም ነው» አላለም። ጋሼ ብቻ ብርጭቆአቸውን ሳይተፉ ጨረሱት። ልጁ፣ አሁን ትልቅ ሆኗል፣ «አባዬ ለምን ታዝናለህ፣ ሌላ መግዛት ይቻላል» ብሎ ጠየቀ።

እኛ ስደተኞች ነገር ማቆየት እንወዳለን። የተሻለውን ሱፍ፣ የተሻለውን የቡና ስኒ፣ አገር ቤት የሚሠራውን ቤት፣ ጠርሙሱን። ይህን እንደ ነቀፋ አትቁጠሩት፣ እኔም ከዚያው ነኝ። ወይን ላይ ግን ጊዜው በእኛ ሳይሆን በእሱ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ አንድ ጠርሙስ ለአንድ ሰው ከገዛችሁ ሁለት ግዙ እላለሁ፤ አንዱን እንዴት እየሄደ እንደሆነ ለማየት አስቀድማችሁ ክፈቱ፣ ለዚያ ሰው ደግሞ ደውሉለት።

ብዙዎቻችን ሳናውቅ በላዩ የምንመላለስበት ነገር ልጨምር። ወይን ከዚህ ሰፈር ጋር ያለው ዝምድና ከናፓ ያነሰ አይደለም። አገር ቤት ደርሰን ስንመለስ የምናርፍበት አውሮፕላን ማረፊያ በከፊል ያረፈባት ከተማ ስሟ ግሬፕቫይን ነው፤ በአካባቢው ይበቅል በነበረው የዱር ወይን ተሰየመች፣ በየሴፕቴምበሩም የወይን ፌስቲቫል ታደርጋለች፤ ዳኛውም ሕዝቡ ራሱ የሆነበት ቅምሻ አላት። ከዳላስ ወደ ሰሜን ሲነዳ፣ 75 ማይል ገደማ ላይ፣ ዴኒሰን አለች። እዚያ ቶማስ ቮልኒ መንሰን የተባለ ሰው ከ1876 ጀምሮ ኖሮ የቴክሳስን የዱር ወይኖች ሲያጠና ነበር። ፊሎክሴራ የምትባለው ሥር የምትበላ ነፍሳት ከአሜሪካ ተሻግራ የፈረንሳይን የወይን እርሻ ስታወድም፣ የፈረንሳይ መንግሥት የላከው ባለሙያ መድኃኒቱን ፍለጋ አሜሪካ መጣ። በኖራማ መሬት ላይ የሚበቅለው የቴክሳስ የዱር ወይን ነፍሳቷን ይቋቋማል፤ የፈረንሳዩን ቅርንጫፍ በቴክሳሱ ሥር ላይ መክተብ ተጀመረ። በ1888 ፈረንሳይ ለመንሰን የግብርና የክብር ኒሻኗን ሰጠችው። ዛሬ ጠርሙሱ ላይ «ቦርዶ» የተጻፈበት ወይን ሁሉ ማለት ይቻላል ሥሩ አሜሪካዊ ነው። ስለ መትከልና ስለ መክተብ የኛ ሰው ብዙ ሊለው የሚችለው ነገር አለ፤ እኔ እዚህ ላይ እተወዋለሁ።

የአገር ቤቱንስ? ከጉደርና ከአክሱማይት ጋር ያደግን ሰዎች ቀይ ወይንን የምናውቀው በጣፋጭነቱና በሠርግ ነው። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ለቁርባን የምታዘጋጀው ከዘቢብ ነው። ዝዋይ ላይ የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ መርሎ፣ ሲራና ካቤርኔ ተክሎ ከ2014 ጀምሮ «ሪፍት ቫሊ» እና «አካሺያ» በሚሉ ስሞች ሲያወጣ ግን ሌላ ጥያቄ መጣ፤ ይህ ወይን ቢቆይ ምን ይሆናል? ሰው ሁሉ ገዝቶ ያንኑ ሳምንት ስለሚጠጣው የቆየውን የቀመሰ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። የባንክ ቤቷ ጓደኛችን እህት ባለፈው ጥር ስትመጣ ሁለት ጠርሙስ ካቤርኔ በሻንጣ ይዛልን መጣች። አንዱን ሸፍነን ከ20 ዶላር የቺሌ ካቤርኔ ጋር አስቀመጥነው። ከስድስታችን አራቱ የዝዋዩን መረጥን፤ ጋሼ «አጋም አለው» አሉ፣ ተማሪው ልጅ ደግሞ «አፉ ላይ አጭር ነው፣ ቶሎ ይጠፋል» ብሎ ተከራከረ። ሁለቱም ልክ ይመስሉኛል።

ሁለተኛው መሐል ቤት ካለው ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከጫማዎቹ ጀርባ ተጋድሟል። ነርሷ በፕላስተር ላይ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፋ ለጥፋበታለች፤ ከሥሩም «ከሦስት ዓመት በላይ እንዳይቆይ» ብላለች።